የደጃፉ መጻሕፍት፦ የአድቫይታ ቬዳንታ መግቢያ ድርሳናት ታሪክ

የአንድ ፍልስፍና ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር በመጀመሪያ የሚጠሩት፣ ስፋታቸውና ጥልቀታቸው ሊቃውንትን ለዘመናት ያከራከሩት ታላላቅ ሐተታዎች ናቸው፤ ነገር ግን ትምህርቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው፣ ገና ሰዋስው ተምሮ የመጣውን ወጣት እየመራ ወደ ምሥጢሩ ያስገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሊቅ የማይመካበት፣ ከጧት እስከ ማታ ተነቦ የሚያልቅ ትንሽ ድርሳን ነው። የህንድ ሊቃውንት አድቫይታ ቬዳንታ የሚሉት፣ ምንታዌ የሌለበት የህላዌ ትምህርት በዚሁ መንገድ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ እኔም እዚህ ልተርከው የምወደው የእነዚያን ትንንሽ ድርሳናት ታሪክ፣ ይልቁንም በእያንዳንዳቸው መግቢያ ቆሞ ለመግባት የተገባው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ደጃፍ እንዴት ተዘግቶ እንደ ኖረና በማን እጅ እንደ ተከፈተ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርቱ ምንጮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የቬዳ መጻሕፍት መደምደሚያ የሆኑት ኡፓኒሻዶች፣ ባጋቫድ ጊታ፣ ብራህማ ሱትራም ናቸው። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ኬረላ በሚባለው የደቡብ ህንድ አገር፣ በፔሪያር ወንዝ ዳር ካላዲ በምትባል መንደር ተወለደ የሚባለው ሻንካራ ሦስቱንም በሐተታ አመሳጥሮ፣ ከእርሱ በፊት ጋውዳፓዳ የጀመረውን የአንድነት ትምህርት ተቃዋሚ ሊንቀው በማይችል ሥርዓት አቆመው። ገድሉ እንደሚለው ገና ብላቴና ሳለ መነነ፤ በናርማዳ ወንዝ አጠገብ ጎቪንዳ የሚባለውን መምህር አግኝቶ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ህንድን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ዞሮ ተከራከረ፤ በ32 ዓመቱም ዐረፈ። ከዚህ ውስጥ የታሪክ ጸሐፊ በእርግጥ የሚቀበለው ጥቂቱን ነው፤ ሐተታዎቹ ግን ጸሐፊው ምን ያህል ጥልቅ ሊቅ እንደ ነበረ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ችግሩ ግን እነዚህን ሐተታዎች ለማንበብ ሰዋስውን፣ ሥነ አመክንዮን፣ የቬዳ ሥርዓተ መሥዋዕት የሚተረጎምበትንም ዘዴ አስቀድሞ መማር የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ ለዚህም ነው ከምንጩ ሳይርቁ የትምህርቱን አንድ ወገን ወይም ጠቅላላ መልኩን ለጀማሪ የሚያሳዩ፣ ፕራካራና የሚባሉ ድርሳናት ከዘመን ወደ ዘመን የተጻፉት።

ከእነርሱ ውስጥ ስማቸው የገነነው ጥቂቶች ናቸው። አትማቦዳ በ68 አርኬ የተጻፈ፣ ራስን የማወቅ ድርሳን ነው፤ ቪቬካቹዳማኒ በ580 ያህል ግጥሞች የመምህርንና የደቀ መዝሙርን ንግግር የሚያትት ነው፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ቪድያራንያ የጻፈው ፓንቻዳሺ በ15 ምዕራፍ የተከፈለ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ሳዳናንዳ ያዘጋጀው ቬዳንታሳራ በዝርው የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ ነው፤ ከሁሉ የሚያንሰውና ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀርበው ታትቫቦዳ ደግሞ በጥያቄና በመልስ ተዘጋጅቶ፣ አንዳች ጌጥ ሳይጨምር ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው የሚሄድ ነው።

ታትቫቦዳ ስለ ፈጣሪም ስለ ዓለምም ከመናገሩ በፊት ስለ ተማሪው ይጠይቃል። ትምህርቱን ሊቀበል የሚወድ ሰው ዘላለማዊውን ከኃላፊው ለይቶ የሚያይ፣ በዚህ ዓለምም ሆነ በሚመጣው የሥራው ዋጋ ሆኖ የሚሰጠውን ተድላ የማይመኝ፣ ከእስራቱ ለመፈታት ልቡ የተቃጠለ፣ በስድስት ምግባራትም ያጌጠ ሊሆን ይገባል፤ ስድስቱም የልብ ጸጥታ፣ የስሜት ሕዋሳት መገታት፣ ከከንቱ ድካም መመለስ፣ ብርድና ሙቀትን ደስታና ኀዘንን መታገሥ፣ በመምህርና በመጻሕፍት ቃል ማመን፣ የሐሳብ መሰብሰብም ናቸው። ይህን ካቆመ በኋላ ሰውን ልክ እንደ ልብስ ከላይ ወደ ውስጥ እየገለጠ ያሳያል፤ ግዙፉን ሥጋ፣ ረቂቁን አካል፣ ለሁለቱም ዘር የሆነውን የድንቁርና አካል፤ ንቃትን፣ ሕልምን፣ ሕልም የሌለበትን ከባድ እንቅልፍ፤ ከእህል የተሠራውን፣ የእስትንፋስን፣ የሐሳብን፣ የማስተዋልን፣ የፍሥሐን አምስት ሽፋኖች አንድ በአንድ ያነሣና፣ እውነተኛው እኔነት፣ አትማን፣ ከእነዚህ አንዱም ሳይሆን ሁሉንም የሚያይ ምስክር እንደ ሆነ፣ ባሕርዩም ህላዌ፣ አእምሮና ፍሥሐ እንደ ሆነ ይደመድማል።

የትምህርቱ ጕልላት ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይኸውም በሰው ውስጥ ያለው ይህ ምስክር የዓለም ሁሉ መሠረት ከሆነው ከብራህማን ሌላ አይደለም የሚለው ነው። ነገሩ ከቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የወጣ ሲሆን፣ በዚያ ኡዳላካ የተባለው አባት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቬዳ ተምሮ በ24 ዓመቱ በትዕቢት ተሞልቶ የተመለሰውን ልጁን ሽቬታኬቱን፣ የበለስን ዘር እያስፈለቀ፣ ጨው በውኃ ውስጥ እያሟሟ፣ የማይታየው የሁሉ ምንጭ አንተው ነህ ብሎ ዘጠኝ ጊዜ እየደጋገመ ያስተምረዋል። ጀማሪው ግን በዚህ ቃል ይሰናከላል፤ ደካማና ኃላፊ የሆነ ሰው ከሁሉ ገዢ ጋር እንዴት አንድ ይሆናል ይላልና። ሳዳናንዳ በቬዳንታሳራ የሚመልሰው በዴቫዳታ ምሳሌ ነው፦ ትናንት በሌላ ከተማ ያየነውን ዴቫዳታን ዛሬ እዚህ ስናገኘው ያ ሰው ይህ ነው እንላለን፤ ያን ጊዜና ይህን ጊዜ፣ ያን ስፍራና ይህን ስፍራ አንድ ለማድረግ አይቻልም፤ እነርሱን ብንተዋቸው ግን ሰውየው አንድ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁ የሰውን ድካምና የፈጣሪን ገዢነት እንደ ጊዜና እንደ ስፍራ ልዩነት ትቶ በሁለቱ ውስጥ ያለውን አንድ አእምሮ መያዝ ነው። አንባቢ ይህን ሊቀበል ወይም ሊቃወም ይችላል፤ ከዚያው ከህንድ የተነሡት ራማኑጃና ማድቫም በብርቱ ተቃውመውታል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ከባድ ነገር በዚህ ያህል ቀላል ምሳሌ ማስተማር የተራ ሰው ሥራ አይደለም።

በአትማቦዳ ውስጥ ደግሞ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የካታካ ፍሬ ነገር ነው። በህንድ መንደሮች የካታካን ፍሬ ፈጭተው በደፈረሰ ውኃ ላይ ሲነሰንሱት ጭቃውን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ውኃው ሲጠራ ዱቄቱ ራሱም ከጭቃው ጋር ይጠፋል። ድርሳኑ ዕውቀትም ድንቁርናን ካጠፋች በኋላ ራሷ እንዲሁ እንደምትወገድ ይናገራል። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያዎቹ አርኬዎቹ ዋጋዬ እስክትማር ድረስ ብቻ ነው ብሎ ለተማሪው ሲነግረው የሚገኝ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ቬዳንታሳራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ደረቅ ነው፤ ነገር ግን በደረቅነቱ የሚያስደንቅ ነው። ለምሳሌ የዓለምን አፈጣጠር ሲያስተምር አምስቱን ረቂቃን ባሕርያት፣ ማለት ህዋን፣ ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና ምድርን (የእኛ ሊቃውንት አራት ብለው የሚቆጥሩትን እነርሱ ህዋን ጨምረው አምስት ይላሉ) እንዴት ተቀላቅለው ግዙፍ እንደ ሆኑ በሒሳብ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ግዙፍ ባሕርይ እኩሌታው የራሱ ሲሆን የቀረው እኩሌታ ከሌሎቹ ከአራቱ ከእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ እየተዋጣ የተሞላ ነው። ይህ ሁሉ ዝርዝር ግን በመጨረሻ ሊፈርስ የተገነባ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ዓለምን በብራህማን ላይ እንደ ተደረበ አድርጎ በሥርዓት ይገነባል፤ ተማሪው በደንብ ከተረዳው በኋላ፣ በድንግዝግዝ እባብ መስሎ ያስደነገጠው ገመድ ብርሃን ሲመጣ ገመድ ብቻ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ያንኑ ግንብ ደረጃ በደረጃ ይንደዋል። በ1588 ንሪሲምሃ ሳራስቫቲ ሱቦዲኒ የሚባለውን ሐተታ ጽፎለታል፤ ራማቲርታም ሌላ ጨምሮበታል፤ መግቢያው ራሱ ሌላ መግቢያ ያስፈለገው መሆኑ ሰፊ ተቀባይነት ማግኘቱን ያሳያል።

እነዚህን ድርሳናት ማን ጻፋቸው የሚለው ጥያቄ ረጅም ክርክር አለው። በሻንካራ ስም የሚጠሩት መጻሕፍት ከ300 ይበልጣሉ፤ አትማቦዳም፣ ቪቬካቹዳማኒም፣ ታትቫቦዳም በልማድ ለእርሱ የተሰጡ ናቸው። ነገር ግን ታትቫቦዳ ገና ሲጀምር ዕውቀትን የሰጠው መምህር ብሎ የሚሰግድለት ለጎቪንዳ ሳይሆን ቫሱዴቬንድራ ለሚባል ባሕታዊ ነውና፣ ጸሐፊው ሻንካራ ሊሆን እንደማይችል መጽሐፉ ራሱ መስክሯል። በ1947 ፓውል ሃከር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በብራናዎቹ መጨረሻ ጸሐፊው የሚጠራበትን ማዕረግ እየመረመረ፣ በእርግጥ የሻንካራ የሆኑትን ከኋለኞቹ ለመለየት ሞክሯል፤ ከእርሱ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ከመግቢያ ድርሳናት ወገን ያለ ጥርጥር የሻንካራ ነው ብለው የሚስማሙበት ኡፓዴሻሳሃስሪ የሚባለውን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የስሕተቱ ምክንያት ግን ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። ሻንካራ መሠረታቸው የሚባሉት አራት ገዳማት፣ በደቡብ ሽሪንጌሪ፣ በምሥራቅ ፑሪ፣ በምዕራብ ድዋርካ፣ በሰሜን ጆቲርማት፣ አበ ምኔቶቻቸውን ሁሉ ሻንካራቻርያ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ስለዚህ ከአበ ምኔቶቹ አንዱ ለተማሪዎቹ የጻፈው ትንሽ ድርሳን፣ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በሌላ አገር ሲገለበጥ የመጀመሪያው ሻንካራ ሥራ ተደርጎ ቢወሰድ አይደንቅም። ከዚህም በላይ በዚያ ልማድ ዕውቀት የመምህራን ሰንሰለት እንጂ የአንድ ሰው ንብረት አይደለችምና፣ የራስን ስም ትቶ በሰንሰለቱ ራስ ስም መጻፍ ለእነርሱ ትሕትና እንጂ ሌብነት አልነበረም።

መጽሐፉም ቢሆን ብቻውን እንዲነበብ የተሰናዳ አልነበረም። በደቡቡ አገር ጸሐፍት የዘንባባን ቅጠል አድርቀውና አለስልሰው በብረት መጫሪያ ፊደሉን ከቀረጹበት በኋላ ጥላሸት ያሹበትና ቅጠሎቹን በቀዳዳቸው በገመድ ያስሯቸው ነበር፤ በሞቃትና በርጥብ አገር ምስጥና ብል ስለሚበላው እንደ ገና መገልበጥ ግድ ነበር፤ ትልቁ ሐተታ ሲገለበጥ ብዙ ወራት ሲፈጅ ትንሹ ድርሳን በጥቂት ቀን ያልቅ ነበርና፣ መግቢያዎቹ ከታላላቆቹ ይልቅ ብዙ ቅጂ ነበራቸው። መናንያኑ በበጋ ከቦታ ቦታ እየዞሩ፣ ምግባቸውን ከየደጁ እየለመኑ ይኖራሉ፤ የክረምቱ ዝናም ሲገባ ግን በመንገድ የሚያቆጠቁጠውን ነፍሳትና ሣር ላለመርገጥ በአንድ ቦታ እንዲቀመጡ ሥርዓቱ ያዛል። ቻቱርማስያ የሚባለው ይህ የክረምት ወራት ዋነኛ የትምህርት ጊዜያቸው ሆነ። ተማሪው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ መጀመሪያ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሰማውን በክርክር ይመረምራል፤ በመጨረሻም ጥርጥር እስኪጠፋ ድረስ በተመስጦ ያሰላስለዋል። አርኬዎቹ ቀድመው በቃል ይያዛሉ፤ ትርጓሜው የመምህሩ ነው።

ገዳማቱም ያለ መንግሥት ድጋፍ አልቆሙም። የቪጃያናጋራን መንግሥት ያቋቋሙት ሃሪሃራና ወንድሞቹ በ1346 ወደ ሽሪንጌሪ መጥተው ለገዳሙ መምህር ለባራቲ ቲርታና ለደቀ መዛሙርቱ መሬት እንደ ሰጡ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይናገራል፤ ፓንቻዳሺን የጻፈው ቪድያራንያ ከዚሁ ገዳም አበ ምኔቶች አንዱ ነበረ። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1791 የማራታ ፈረሰኞች ገዳሙን ዘርፈው አበ ምኔቱን ባሰደዱት ጊዜ፣ ራሱ ሙስሊም የነበረው የማይሶር ገዢ ቲፑ ሱልጣን ገንዘብና ስጦታ ልኮ እንዲታደስ አዘዘ፤ በካንናዳ ቋንቋ የጻፋቸው 30 ያህል ደብዳቤዎች በ1916 ከዚያው ከገዳሙ ወጥተዋል። የሰሜኑ ጆቲርማት ግን ከ1776 እስከ 1941 ድረስ ያለ አበ ምኔት ቆየ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በሂማላያ ዋሻዎችና በካሺ ከተማ ትምህርቱን ያቆዩት መንበር የሌላቸው መምህራን ነበሩ።

አሁን ወደ ደጃፉ እመለሳለሁ። ከላይ እንዳየነው ታትቫቦዳ ተማሪውን የሚጠይቀው የልብ ምግባርን እንጂ ትውልድን አይደለም። የቀድሞው ሥርዓት ግን ትውልድንም ይጠይቅ ነበር። ኡፓዴሻሳሃስሪ ተማሪው ከብራህሚን ወገን፣ ማለት ከካህናቱ መደብ፣ እንዲሆን ይሻል፤ ሻንካራ በብራህማ ሱትራ ሐተታውም ሹድራዎች፣ ማለት የአራተኛው መደብ ሰዎች፣ ቬዳ እንዳይማሩ ሲከለክል፣ ዕውቀቱን ከታሪክና ከገድል መጻሕፍት ሊያገኙት እንደሚችሉ ብቻ ይፈቅዳል። ሁሉም አንድ ነው የሚል ትምህርት በሚማረው ሰው ላይ ይህን የመሰለ ድንበር ማቆሙን አንዳንዶች ለማስታረቅ ቢደክሙም፣ እኔ እንደማየው የሚታረቅ አይደለም። ወገኖቹም ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ አለዚያ የካሺው ታሪክ ባልተተረከ ነበር። ሻንካራ በጋንጅስ ታጥቦ ሲመለስ አራት ውሾች የሚነዳ ከመደብ ውጭ የሆነ ሰው በመንገድ አግኝቶ ዞር እንዲል ሲያዝዘው፣ ሰውየው እንዲሸሽ የታዘዘው ከእህል የተሠራው ሥጋ ከእህል ከተሠራው ሥጋ ነውን ወይስ አእምሮ ከአእምሮ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሻንካራም ተረትቶ ይሰግድለታል ይላሉ። ተራኪዎቹ ግን ወዲያው ሰውየው ሺቫ አምላክ ነበረ፣ ውሾቹም አራቱ ቬዳዎች ነበሩ ብለው ጨመሩበትና የተግሣጹን ስለት አደነዘዙት።

ደጃፉን በእውነት መክፈት የጀመሩት ከሳንስክሪት ወጥተው በሕዝቡ ቋንቋ የጻፉት ናቸው። በ1188 ተጻፈ የሚባለው የሙኩንዳራጃ ቪቬካሲንዱ በማራቲ ቋንቋ ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሚቆጠር ሲሆን የአድቫይታን ትምህርት የሚያትት ነው፤ በታሚል ታንዳቫራያ የጻፈው ካይቫልያ ናቫኒታም በብዙ ተነቧል። በሰሜን ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኒሽቻልዳስ የሚባለው፣ ዳዱ የተባለው መምህር ተከታይ የሆነ መነኩሴ ቪቻር ሳጋርን በህንዲ ጻፈ። ይህ ሰው የተወለደው ከጃት ገበሬዎች እንደ ነበረና በካሺ ሊቃውንት ዘንድ ለመማር ትውልዱን ደብቆ እንደ ገባ ትውፊቱ ይናገራል፤ እርሱ በስውር የገባበትን ደጅ ለሌሎች በግልጥ ከፈተላቸው።

ሁለተኛው መክፈቻ ማተሚያ ቤት ነው። ከዚያ አስቀድሞ የሙጋል ንጉሥ ልጅ ዳራ ሺኮህ የካሺን ሊቃውንት ሰብስቦ በ1657 ኃምሳ ኡፓኒሻዶችን ወደ ፋርስ ቋንቋ አስመልሶ ነበር፤ ያም ትርጉም በአንኬቲል ዱፔሮን እጅ ወደ ላቲን ተመልሶ በ1801 እና በ1802 ሲታተም የአውሮፓ ፈላስፎች፣ ይልቁንም ሾፐንሃወር፣ ተደነቁበት። አትማቦዳም በ1812 ቴይለር የሚባል ሐኪም ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ታተመ። በቤንጋል ራሞሁን ሮይ በ1815 የቬዳንታን ትምህርት በአገሩ ቋንቋ አሳትሞ ሲያሰራጭ፣ ምሪትዩንጃይ ቪድያላንካር የተባለው ሊቅ በ1817 ቬዳንታ ቻንድሪካ በሚል መጽሐፍ ተቃወመው፤ ምሥጢር በገበያ አይሸጥም የሚለው የጥንት መምህራን ሥጋት በክርክሩ ውስጥ ጐልቶ ይታያል። ቬዳንታሳራን በ1881 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው ኮሎኔል ጄኮብ ደግሞ ትምህርቱን የሚያምን ሳይሆን የሚነቅፍ ክርስቲያን ወታደር ነበር፤ ሆኖም ኋላ የሳንስክሪቱን ንባብ ከሐተታዎቹ ጋር በጥንቃቄ አርሞ ስላሳተመው፣ ወዳጆቹ ያልሠሩትን ሥራ ነቃፊው ሠርቶት ተገኘ። በ1869 በቦምቤይ የተቋቋመው ኒርናያ ሳጋር ማተሚያ ቤትና በ1888 በፑና የተቋቋመው አናንዳሽራም ሳንስክሪቱን በርካሽ ዋጋ ለተማሪ አደረሱ፤ በ1910 የሽሪንጌሪው አበ ምኔት በካላዲ የሻንካራን መቅደስ ሲያቆም፣ በሽሪራንጋም ያለው ቫኒ ቪላስ ማተሚያ ቤት የሻንካራ የሚባሉትን ሥራዎች በ20 ጥራዝ አሳተመ። የዘንባባ ቅጠል ዘመን በዚህ አበቃ ለማለት ይቻላል፤ የአንድ ክረምት ትምህርት የነበረው ድርሳን በማንኛውም አንባቢ ኪስ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። መናኙ ቪቬካናንዳ በ1893 በቺካጎ የሃይማኖቶች ጉባኤ ከተናገረ በኋላ ወገኖቹ በ1899 በሂማላያ ማያቫቲ ላይ ለአድቫይታ ብቻ የተለየ ገዳም አቆሙ፤ ከዚሁ ማኅበር የሆነው ኒኪላናንዳ ቬዳንታሳራን በ1931፣ አትማቦዳን በ1946 ወደ እንግሊዝኛ መለሳቸው። በ1896 ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ቲሩቫናማላይ ተራራ መጥቶ እስከ ዕረፍቱ እስከ 1950 ድረስ ከዚያ ያልተለየው ራማና ማሃርሺ ቪቬካቹዳማኒን በታሚል ዝርው፣ አትማቦዳንም በታሚል ግጥም መልሷል፤ ምንም መጽሐፍ ሳያነብ ደረሰበት የሚባለው ሰው ለመጡበት ጠያቂዎች የመረጠው እነዚያኑ የጀማሪ ድርሳናት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ደጃፉን በይፋ የነቀለው ግን ቺንማያናንዳ ነው። በ1916 በኬረላ የተወለደው ይህ የቀድሞ ጋዜጠኛ የመናንያንን ሐሰት ለማጋለጥ ወደ ሂማላያ ወጥቶ ራሱ መንኖ ቀረ፤ በ1951 ታኅሣሥ መጨረሻ በፑና ከተማ፣ ወንድ ሴት መደብ ሳይለይ፣ በእንግሊዝኛ ማስተማር ሲጀምር ጥንታውያኑ አጉረመረሙበት፤ በ1963 በቦምቤይ አጠገብ ፖዋይ ላይ ባቆመው ትምህርት ቤት ግን ሴቶችም ወንዶችም ታትቫቦዳን ከመጀመሪያዎቹ ንባቦች አንዱ አድርገው ይማሩት ጀመር።

በዚህ መከፈት የተገኘው ብዙ ነው፤ የጠፋም አለ። ዛሬ መጽሐፉን የሚገዛ ሰው ስለ ተማሪው ምግባር የሚናገረውን የመጀመሪያውን ክፍል በፍጥነት ዘልሎ ወደ አንድነቱ ምሥጢር ይሮጣል፤ ትውልድን የሚጠይቀው ደጅ መፍረሱ ፍትሕ ነው፤ ምግባርን የሚጠይቀው ግን ከዚያ ጋር አብሮ መፍረስ አልነበረበትም።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ትምህርት ገና እንግዳ ነው። የህንድ ጥበብ ወደ ግእዝ የገባው በሌላ በር ነው፤ ከየመን የመጣው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በ1553 ከዓረብኛ የተረጎመው የበረላምና የይዋሳፍ መጽሐፍ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው፤ የቡድሃ ተከታዮች ደግሞ ከሻንካራ ጋር የተከራከሩ ናቸው፤ ምንም እንኳ ባላጋራዎቹ ሻንካራን ራሱን ስውር ቡድሂስት እያሉ ቢከሱትም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያስተማሩን የህንድ መምህራንም ብዙዎቹ ከሻንካራ አገር ከኬረላ የመጡ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ የቶማስ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ያመጡልን ሒሳብና እንግሊዝኛ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ፍልስፍና በራስህ ዓይን ለመመርመር ብትፈልግ፣ በቪቬካቹዳማኒ የግጥም ውበት ሳትማረክ በታትቫቦዳ ጀምር፤ ከእርሱ ቀጥሎ አትማቦዳን፣ ከዚያም ቬዳንታሳራን ከሁለቱ ሐተታዎች ጋር አንብብ፤ ስለ ተማሪው የሚናገረውንም ክፍል አትዝለለው።